ካርቶኑን በገዛ እጁ ቀዶ «ማን ከፈተው?» አለኝ

ከሱቁ ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ነገ ተረጋግቼ ልጻፈው ብዬ ነበር። ግን ነገ ጠዋት ሌላ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈርማል። ስለዚህ አሁኑኑ ልንገራችሁ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ከሞባይል ታወር ኢንተርኔት ተቀብሎ በዋይፋይ ቤት ውስጥ የሚያሰራጭ የቤት ራውተር ነው። ገመድ የለው፣ ቁፋሮ የለው፣ ቤት ወስዶ ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ። ሻጮቹንም ታውቋቸዋላችሁ። አርማ ያለበት ቲሸርት፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ፣ ከኋላቸው «እስከ 150 ሜጋ ቢት» የሚል ትልቅ ፖስተር። «እስከ» የምትለውን ቃል ሁላችንም አይተን እናልፋታለን። እኔም አልፌአታለሁ።

እኛ ሰፈር የገመድ ኢንተርኔት አልገባም። እኔ የምሰራው ከቤት ነው። ልጄ ደግሞ ማታ ማታ በኦንላይን ትማራለች። በስልክ ጥቅል እየገዙ መኖር ሰለቸኝ። ለዚህ ብዬ ለወራት ትንሽ ትንሽ ሳጠራቅም ቆይቼ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ።

ልጁ ወጣት ነው፣ ፈገግታው አይጠፋም። «እህቴ፣ ይቀመጡ እስቲ» አለኝ። «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ከፈተና ሰፈሬ ላይ የተቀባውን ቀለም አሳየኝ። «ይኸው፣ እርስዎ ጋ ሙሉ ኔትወርክ ነው» አለኝ። የቤቴ ግድግዳ ምን እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደምኖር፣ መስኮቴ ወዴት እንደሚያይ አልጠየቀኝም። እኔም መጠየቅ እንዳለበት አላወቅኩም።

ትንሽ ሳመነታ አየኝ። «እዚሁ ልሞክርልዎት፣ በዓይንዎ አይተው ይግዙ» አለና ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረደው። አዲስ፣ እሽግ ነበር። ከኪሱ ቁልፍ አወጣ። የቁልፉን ጫፍ ማሸጊያው ላይ አስገብቶ ከዳር እስከ ዳር ጎተተው። ድምጹ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ማሸጊያው ፕላስቲክ ጣቱ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ሲለው እጁን አራገፈው። ራውተሩን አወጣ፣ ሲም ከተተበት፣ ሶኬት ላይ ሰካው። መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ። በራሱ ስልክ የፍጥነት መለኪያ ከፈተልኝ። ቁጥሩ ወጣ ወጣ ብሎ 92 ሜጋ ቢት ላይ ቆመ።

ደስ አለኝ። ለባለቤቴ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «ከቤትዎ ደግሞ ይሻላል፣ እዚህ ሰው ይበዛበታል» አለኝ ልጁ። ታብሌቱን አዞረልኝ። በጣቴ ፈረምኩ። የ24 ወር ውል ነው። ራውተሩንም በሙሉ ዋጋው ከፈልኩ። ውሉን ወደ ታች እያወረደ «ይህ ያው የተለመደው ነው» ሲለኝ እኔ ያየሁት ጣቱን ነው እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩም።

ቤት ገብቼ ሳሎን ሰካሁት። ቀን ላይ እያዘገመም ቢሆን ሰራ። ማታ ልጄ ትምህርት ስትጀምር የመምህሯ ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ድምጹ ይቆራረጣል፣ ይመለሳል፣ ይጠፋል። ለካሁት። 1.8 ሜጋ ቢት። እንደገና ለካሁት፣ ጭራሽ መለካቱንም ሳይጨርስ ተቋረጠ።

የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ አንዷ አነሳችው። «ስልክዎ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ስንት ነው?» አለችኝ። «ሙሉ ነው» አልኳት። «እንግዲያው በእኛ በኩል ችግር የለም» ብላ ዘጋችው። እኔም አመንኳት። ዋይፋዩ ሙሉ ከሆነ ችግሩ ምናልባት የእኔ ስልክ ይሆናል ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ሳበራ አመሸሁ።

እሁድ የእህቴ ልጅ መጣ። እሱ የኔትወርክ ባለሙያ ነው። «አክስቴ፣ የዋይፋዩ ምልክት እኮ የሚያሳየው ስልክሽና ራውተሩ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ነው። ራውተሩ ከታወሩ ምን ያህል እየደረሰው እንደሆነ አይነግርሽም» አለኝ። ከራውተሩ ስር የተጻፈውን አድራሻ ስልኬ ላይ ጻፈና አንድ ገጽ ከፈተ። እዚያ ላይ አርኤስአርፒ የሚባል ቁጥር አለ። ከታወሩ የሚመጣውን ሲግናል ጉልበት የሚለካው እሱ ነው። ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ። ከኔጌቲቭ 80 ይልቅ ወደ ዜሮ የቀረበ ከሆነ ድንቅ ነው አለኝ። ኔጌቲቭ 110ን ካለፈ ችግር ነው። 120 አካባቢ ሲደርስ ሊቋረጥ ደርሷል ማለት ነው።

የእኔ ሳሎን ኔጌቲቭ 118 ነበር። በረንዳ ላይ ይዞት ወጣ፣ 101 ሆነ። የሕንጻው ግድግዳ ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ሲግናሉን ይውጠዋል። በተለይ እንደ 2600 ሜጋኸርዝ ያለው ከፍ ያለ ሞገድ ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል። እንደ 800 ያለው ዝቅተኛው ይሻላል። ማታ ደግሞ አንዱን ታወር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለሚጋራው የነበረውም ያንሳል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በአምስት ደቂቃ ነው። ያ ሻጭ ይህን አያውቅም ብላችሁ ታምናላችሁ? ሥራው ነው እኮ!

ከልቤ ያናደደኝ ግን ይህ አይደለም። ኔትወርኩ ባይሰራ ባይሰራ መልሼ ገንዘቤን እወስዳለሁ ብዬ ነበር።

ዛሬ ሁሉንም ነገር እንደነበረ ካርቶኑ ውስጥ መልሼ፣ ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ። ያው ልጅ ነበር። አየኝ፣ አወቀኝ። ከዚያ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተከለ። ችግሩን አስረዳሁት። ዝም ብሎ ካርቶኑን ተቀበለኝ። አገላበጠው። አውራ ጣቱን የተቀደደው ማሸጊያ ላይ አሳለፈ፣ ያው ራሱ በቁልፍ የቀደደው ቦታ ላይ። ቀና አለና ፊት ለፊት አየኝ።

«ይሄ ተከፍቷል። ማን ከፈተው?»

ክው አልኩ። መጀመሪያ የረሳ መስሎኝ ነበር። «አንተ ነህ እንጂ፣ ልሞክርልዎት ብለህ፣ በቁልፍህ» አልኩት። «እኔ የደንበኛ ዕቃ አልከፍትም» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! አፌ ተሳሰረ። በእድሜዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ። አብረን ያየነውን ነገር፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ አልሆነም ያለኝ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ውሉን አወጣና አነበበልኝ። ዕቃ የሚመለሰው በ7 ቀን ውስጥ፣ ማሸጊያው ካልተከፈተ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት። ሳይከፈት እንዴት ይሞከራል? ሳይሞከር እንደማይሰራ በምን ይታወቃል? ይህ የመመለሻ ደንብ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ከፍቶ ያሳየኝም እኔን ለማሳመን ብቻ አልነበረም። ካርቶኑ በተቀደደባት ደቂቃ የመመለስ መብቴም አብሮ ተቀደደ። እኔ ደግሞ ደግነት መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬዋለሁ።

ኃላፊ ጥሩልኝ አልኩ። አንዲት ሴት ከጓዳ ወጣች። ወንበር አልሰጡኝም፣ ቆሜ ነው ያስረዳኋት። ግማሽ ያህሉን ስናገር ስልኳ ላይ ነበረች። ስጨርስ ለልጁ «ሰክተህ አሳያት» አለችው። ለእኔ አይደለም የምታወራው። ሰካው። በረረ፣ እንደ ቅዳሜው። «ይኸው ይሰራል። አንቺ ቤት ባይሰራ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። «እርስዎ» ቀርቷል። ቅዳሜ ኪሴ ውስጥ ገንዘብ እያለ «እርስዎ» ነበርኩ። ዛሬ «አንቺ» ሆንኩ። በእድሜ እኮ እናቱ ልሆን እችላለሁ።

እዚያው ቆሜ የእህቴ ልጅ ያሳየኝን ገጽ ከፈትኩ። ኔጌቲቭ 74 ይላል። የእኔ ሳሎን 118። ይህ ቁጥር እንደ ተራ ቁጥር አይደለም። የ10 ልዩነት 10 እጥፍ ነው፣ የ20 ልዩነት 100 እጥፍ። የእነሱ ባንኮኒ ላይ ያለው ሲግናል ከእኔ ሳሎን በ44 ይበልጣል። ይህ ማለት ከ25 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ባንኮኒው ላይ ያሳዩኝ ነገርና ቤቴ የምወስደው ነገር በጭራሽ አንድ አልነበረም። ይህን ለኃላፊዋ ላስረዳት ስሞክር «ሴትዮ፣ ወረፋ የያዘ ሰው አለ» ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ መሬት መሬት ያያል። እሱም ካርቶን ይዟል፣ ያልተከፈተ። ምን እንደምለው ግራ ገባኝ። «አያስከፍቱት» ብቻ ብዬው ወጣሁ።

ሌላ ድርጅት ሲም ላስገባበት አሰብኩ። ራውተሩ ተቆልፏል፣ ከእነሱ ሲም ውጪ አይቀበልም። ውሉን ላቋርጥ ብል የቀሩትን ወራት ክፍያ በአንዴ ክፈይ ይላል። በሁሉም በኩል ዘግተውታል።

አሁን እቤት ተቀምጬ ከሻጩ ይልቅ በራሴ ነው የምናደደው። ሳሎን ሆኜ ስልክ ሲደወልልኝ «ቆይ፣ አይሰማኝም» ብዬ ወደ በረንዳ የምሮጥ ሰው ነኝ። ስንት ዓመት! ቤተሰቤ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ስመልስ መጀመሪያ የሚሉኝ «በረንዳ ወጣሽ?» ነው። ስልኬ በማይሰራበት ክፍል ውስጥ፣ በዚያው የሞባይል ኔትወርክ የሚሰራ ራውተር እንዴት ይሰራል? ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ዕውቀቱ በየቀኑ እግሬ ላይ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩትም። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ሄደ፣ ልጄም ዛሬ ማታ ጃኬት ደርባ በረንዳ ላይ ነው የምትማረው።

ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ብቻ አድርጉ። መጀመሪያ የዚያኑ ድርጅት ሲም ስልካችሁ ውስጥ ከትታችሁ፣ ራውተሩን በምታስቀምጡበት ክፍል፣ ማታ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት ለኩት። ቤት ወስዶ ሞክሮ የመመለስ መብት በጽሑፍ ካልሰጧችሁ አትፈርሙ። የመመለሻውን ደንብ ሳታነቡ ካርቶኑን ማንም እንዳይነካው፣ እናንተም፣ እነሱም። የገዛችሁ ደግሞ መስኮት ጋ አስጠጉት፣ ጀርባው ላይ የውጪ አንቴና መሰኪያ ካለው እሱም ይረዳል።

ይህን እየጻፍኩ እያለ ባለቤቴ መጣ። «ቅዳሜ የላክሽልኝን ፎቶ አይተሽዋል?» አለኝ። 92 የሚለውን ቁጥር ያነሳሁት ፎቶ ነው። አላየሁትም ነበር፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ከስልኩ ጎን የተከፈተው ካርቶን ይታያል። የልጁ እጅ ከነባጁ ገመድ ገብቷል። ማሸጊያው ፕላስቲክ ጣቱ ስር ተጨማዷል። ፎቶው የተነሳው ደረሰኙ ከመቆረጡ 13 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። አሁን ሁለቱንም በወረቀት እያተምኩ ነው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በር ላይ እገኛለሁ፣ ከዚያም ማመልከቻዬን ይዤ ወደ ሸማቾች ጥበቃ እሄዳለሁ።