ነፃ ጨዋታ ወይስ የተመራ ጨዋታ?

ሕፃናትን ሒሳብና ሳይንስ በጨዋታ ለማስተማር ሲታሰብ፣ ልጁን ከነእንጨት ብሎኮቹ ለራሱ መተውና ጨዋታውን በአዋቂ ጥያቄ መምራት እኩል ውጤት አይሰጡም። በነፃ ጨዋታ፣ የደረደረው ግንብ ደጋግሞ ሲፈርስበት ሰፊውን ብሎክ ከታች ማድረግ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል፤ ስለዚህ ለሚዛንና ለቅርጽ ይህንኛውን እመርጣለሁ። የቁጥር ስሞችንና የመለኪያ ቃላትን ግን ብቻውን አያገኛቸውም፤ ከሰው መስማት አለበት።

የተመራው ጨዋታ የሚበልጠው በመለካት ነው። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳሳየው፣ 7 ዓመት ያልሞላቸው አብዛኞቹ ልጆች ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ የተገለበጠ ውሃ የበዛ ይመስላቸዋል፤ «መልሰን ብንገለብጠውስ?» ብሎ የሚጠይቅ አዋቂ ልጁ እንዲገምትና ግምቱን እንዲፈትን ያደርገዋል። አዋቂው (ብዙዎቻችን የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነው) መልሱን ቀድሞ ከተናገረ ግን ጨዋታነቱ ይቀርና ተራ ትምህርት ይሆናል።