የጥቆማ ሣጥን ወይስ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል?

ወጪ፦ ለሣጥኑ ጥቂት ጣውላና አንድ ቁልፍ ይበቃል። ክፍሉ በጀት፣ ቢሮና ባለሙያ ይፈልጋል።

ቅለት፦ ሣጥኑ ስም አይጠይቅም። ግን ከኃላፊው በር ፊት ለፊት ከተሰቀለ ማን ደፍሮ ወረቀት ይከትበታል? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? አቧራ ለብሶ ዓመት የሚከርም ሣጥን ባይኖር ይሻላል።

አደጋ፦ ስም አልባ ጥቆማ የቂም መወጫም ይሆናል፤ ማስረጃ ቢጎድል ጠቋሚው አይገኝም። ክፍሉ ጠይቆ ያጣራል፤ ጣጣው የሚመጣው ተጠቋሚው የክፍሉ አለቃ ሲሆን ነው። አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ ይሰጣል፤ የአለቃን ኩርፊያ ግን አይከለክልም።

ለማን? ብዙ ሠራተኛ ላለው ፋብሪካ ሣጥኑ ያገለግላል፤ በትንሽ ቢሮ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል። ግዥና ጨረታ ለሚበዛበት መሥሪያ ቤት ክፍሉ ይመረጣል።