ለቲዩብ ማሰራጫ የትኛው ቪኤፍኦ ይሻላል? አሮጌ ሂዝኪት፣ በእጅ የተሠራ ወይስ ባለ ቺፕ

ክሪስታል (ፍሪኩዌንሲውን የሚወስን የኳርትዝ ቁራጭ) ብቻ የሚቀበል አሮጌ የቲዩብ ሬዲዮ ማሰራጫ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ቶሎ ያጠብባል። አንድ ክሪስታል አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ልታነጋግሩት የምትፈልጉት ሰው 3 ኪሎኸርዝ ከፍ ብሎ ከተገኘ ልትሄዱበት አትችሉም። እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ ቪኤፍኦ ያስፈልጋል፤ ማዞሪያው ሲዞር ፍሪኩዌንሲው የሚቀየር ኦሲሌተር ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የጀማሪ ፈቃድ ያላቸው የሬዲዮ አማተሮች እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ድረስ በክሪስታል ብቻ እንዲሠሩ ይገደዱ ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ቪኤፍኦ የሌላቸው አሮጌ ማሰራጫዎች የበዙት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምርጫው ሦስት ነው፦ ሂዝኪት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣውን ያገለገለ ቪኤፍኦ መግዛት፣ በቲዩብ ራስ መሥራት፣ ወይም ኤስአይ5351 የሚባለውን ቺፕ መጠቀም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው በየትኛው ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) እንደምትሠሩ ነው።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የቲዩብ ማሰራጫ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪኩዌንሲ ያባዛል። ቪኤፍኦው 3.5 ሜጋኸርዝ ላይ ከሆነ፣ ለ7 በሁለት፣ ለ14 በአራት፣ ለ28 በስምንት ይባዛል። መንሸራተቱም፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው ሳይነካ በራሱ መለወጡ፣ አብሮ ይባዛል። ቲዩቡ እየሞቀ ሲሄድ ቪኤፍኦው 100 ኸርዝ ቢንሸራተት 80 ሜትር በሚባለው የ3.5 ሜጋኸርዝ ባንድ ላይ ችግር የለውም። 10 ሜትር በሚባለው የ28 ሜጋኸርዝ ባንድ ላይ ግን 800 ኸርዝ ሆነ ማለት ነው። ሞርሳችሁን በጠባብ ፊልተር የሚያዳምጥ ሰው ካለ፣ በወሬው መሀል ትጠፉበታላችሁ።

ከአሮጌዎቹ እንጀምር። ሂዝኪት ቪኤፍ-1 የ1950ዎቹ ዕቃ ነው፤ ያኔ 19.50 ዶላር ይሸጥ ነበር። ውስጡ ቀላል ነው፦ አንድ 6ኤዩ6 ቲዩብ ለኦሲሌተር፣ አንድ 0ኤ2 ቮልቴጁን ለማረጋጋት። ከ160 እስከ 10 ሜትር ያገለግላል። ኤችጂ-10 በ1960ዎቹ ለዲኤክስ-60 ማሰራጫ አጋር ሆኖ የመጣ ነው፤ እሱ ከ80 እስከ 2 ሜትር ይሄዳል። ሁለቱም የራሳቸው ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ኃይል የሚያገኙት ከማሰራጫው ነው። 220 ቮልት ባለበት አገር ለምትኖሩ ይህ አንድ ራስ ምታት ይቀንሳል። ማሰራጫው ራሱ ግን ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ከሆነ ቮልቴጅ ማውረጃ የግድ ነው። በዚያ ላይ ለ60 ኸርዝ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ የበለጠ ይሞቃልና አየር እንዳይታፈንበት።

እነዚህን ስትገዙ አንድ ነገር አስቡ። ኪት ናቸው። የበየዳቸው ፋብሪካ ሳይሆን ያኔ የገዛቸው ሰው ነው። ስለዚህ አንዱ ቪኤፍ-1 ግሩም ሆኖ ሌላው የማይረባ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሳይከፈት አትግዙ። የካርቦን ሬዚስተሮች በዕድሜ ብዛት የኦም መጠናቸው ከፍ ይላል፤ የወረቀት ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራሉ። እነዚህ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራሉ። በማዞሪያው የሚዞረው ተለዋዋጭ ካፓሲተር ከታጠፈ ወይም ማዞሪያው ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚላላ ከሆነ ግን ተዉት። ሌላም አለ፦ ቪኤፍ-1 በፈር፣ ማለትም ኦሲሌተሩን ከማሰራጫው የሚለይ መሀል ላይ የሚገባ ደረጃ፣ የለውም። አንድ ቲዩብ ኦሲሌተርም ነው፣ ወደ ማሰራጫው የሚልከውም እሱ ነው። ማሰራጫው ትንሽ ሲጎትተው ፍሪኩዌንሲው ይነቃነቃል። የሞርስ ቁልፉን በነካችሁ ቁጥር ድምፁ እንደ ጫጩት ጭው ጭው ሊል ይችላል።

ራሳችሁ ስትሠሩ ይህን ሁሉ ከመሠረቱ ማስተካከል ትችላላችሁ፤ እኔም በጣም የምወደው ይህንን መንገድ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል። «ምርጥ ቲዩብ የቱ ነው?» ብሎ ይጨነቃል። 6ኤዩ6 በቂ ነው፤ ርካሽም ነው። ገንዘቡ መውጣት ያለበት በተለዋዋጭ ካፓሲተሩ፣ በኮይሉና በሳጥኑ ላይ ነው። ካፓሲተሩ ዘንጉ በሁለት በኩል በቤሪንግ የተያዘ፣ ኮይሉ ሴራሚክ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ይሁን። ሳጥኑ ወፍራም አልሙኒየም ሆኖ በጣት ሲጫኑት የማይረገብ መሆን አለበት። ቲዩቡን ከሳጥኑ ውጭ አቁሙት፤ ሙቀቱ ኮይሉ ዘንድ እንዳይደርስ።

ስለ ቋሚ ካፓሲተሮቹ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ኤንፒ0 የሚባለው ሴራሚክ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበዛ በ30 ሚሊዮንኛ ይለወጣል። ፍሪኩዌንሲው የሚለወጠው በዚያ ግማሽ ነው። 3.5 ሜጋኸርዝ ላይ በአንድ ዲግሪ 50 ኸርዝ ገደማ መሆኑ ነው። ሳጥኑ 20 ዲግሪ ቢሞቅ 1 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ ያውም ጥሩ በሚባለው ካፓሲተር፣ የኮይሉ ለውጥ ሳይጨመር። ተራ ሴራሚክ ብታስገቡማ አታንሡት። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚለወጥ ትንሽ ካፓሲተር ጨምሮ ማካካስ ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፦ መቀየር፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ መለካት፣ እንደገና መቀየር።

ለሰርኩዩቱ ጄምስ ክላፕ በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን እመርጣለሁ። ሃርትሊ የሚባለው ሌላ ሰርኩዩት ቀለል ይላል፤ ኮይሉ ላይ አንድ መሀል መውጫ ብቻ ነው የሚፈልገው። የክላፕ ጥቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከቲዩቡ ጋር ስለሚገናኙ፣ ቲዩቡ ሲሞቅ በውስጡ የሚፈጠረው ለውጥ ከእነሱ አንጻር ኢምንት መሆኑ ነው። ከኋላው ደግሞ ሌላ ቲዩብ በፈር አድርጉለት።

ኦሲሌተሩን በ0ኤ2 አረጋጉት፤ 150 ቮልት ላይ ይይዘዋል። 250 ቮልት ካላችሁ 100 ቮልቱ ሬዚስተር ላይ መውደቅ አለበት። 25 ሚሊአምፔር በድምሩ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ 4 ኪሎኦም ይመጣል፤ የሚቃጠልበት 2.5 ዋት ስለሆነ ባለ 5 ወይም ባለ 10 ዋት አስገቡ። አደራ፣ ይህ ቮልቴጅ ይገድላል። ማጥፊያው ከተዘጋ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። ማፍሰሻ ሬዚስተር አድርጉላቸው፤ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በሜትር ለኩ።

ሦስተኛው መንገድ ኤስአይ5351 ነው። ከ8 ኪሎኸርዝ እስከ 160 ሜጋኸርዝ ይሰጣል፤ ሦስት መውጫ አለው፤ አርዱዊኖ የመሰለ ትንሽ ኮምፒውተር ያዘዋል። ከሦስቱ ርካሹም እሱ ነው። ቲዩብ እስኪሞቅ መጠበቅ የለም፤ የሚፈለገውን ፍሪኩዌንሲ በቀጥታ ስለሚያወጣ የመባዛቱ ጣጣም ይቀላል። 20 ሜትር (14 ሜጋኸርዝ) ላይና ከዚያ በላይ ባለ ፍሪኩዌንሲ ለሚሠራ ሰው ሌላ ምርጫ አልመክርም።

ግን እንደመጣ አይሰካም። የሚያወጣው 3.3 ቮልት ካሬ ሞገድ ነው፤ ለግሪድ፣ ማለትም ለቲዩቡ የሲግናል መግቢያ፣ ያንሳል። በመሀል ትንሽ ማጉያ ትራንዚስተርና ዝቅተኛውን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ቪኤፍኦው የሚገባበትን የክሪስታል ሶኬት ቮልቴጅ ለኩ። አንዳንድ ማሰራጫዎች ላይ ክሪስታሉ በግሪድና ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለበት የቲዩቡ መውጫ (ፕሌት) መሀል ስለሚገባ ሶኬቱ ላይ ሙሉ የዲሲ ቮልቴጅ አለ። ቺፑን በቀጥታ ብታገናኙት ወዲያው ይቃጠላል፤ ኬብሉን የያዘ ሰውም ይጎዳል። 1000 ቮልት የሚችል 0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በመሀል አስገቡ።

እንግዲህ 80 እና 40 ሜትር ላይ በሞርስ የምትሠሩ፣ ብየዳ የምትወዱና ጊዜ ያላችሁ፣ በእጅ የተሠራውን ምረጡ። ዲኤክስ-60 ቤታችሁ ካለ ኤችጂ-10 ከሱ ጋር ያምራል፤ ገመዱም ቀጥታ ይገጥማል፤ ለእድሳት ግን ተዘጋጁ። ቪኤፍ-1ን የምመክረው ዋጋው በጣም ከወረደ ብቻ ነው፤ ሳጥኑና ተለዋዋጭ ካፓሲተሩ ለራሳችሁ ሥራ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ።

አሜሪካ ያላችሁ እነዚህን ዕቃዎች በየዓመቱ ሜይ ወር ዚንያ፣ ኦሃዮ ላይ በሚካሄደው የዴይተን ሃምቬንሽን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ማየት ትችላላችሁ። ከግለሰብ ቤት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ቪኤፍኦውን ከማሰራጫው ጋር አገናኝቶ ለ30 ደቂቃ ያብራላችሁ፤ እናንተም በሪሲቨር እየተከታተላችሁ ምን ያህል እንደተንሸራተተ ጻፉ። የሚያበራበት ከሌለው ወይም እምቢ ካለ፣ ዋጋውን እንደ መለዋወጫ አስሉት።