«ይሄን ጎማ አልሸጥልህም» ላሉኝ ጎሚስታ ምስጋና

ጎማ ሊሸጡልኝ ሲችሉ ከልክለው የመለሱኝን አንድ አንጋፋ ጎሚስታ በሰው ፊት ማመስገን እፈልጋለሁ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔም እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አንድ አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። ብዙም አትነዳም። ዘመድ ቤት ሲቀይር ወይም የሚጫን አሸዋና እንጨት ሲገኝ ትነሳለች፤ ከዚያ ለሳምንታት ትቆማለች። የአራቱም ጎማ ጥርስ አልቆ ነበር። «ለማትነዳ መኪና አዲስ ጎማ ምን ያደርጋል? አራት ርካሽ ሪትሬድ ገዝቼ ልገላገል» ብዬ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ሪትሬድ ማለት ያለቀ ጎማ ታድሶ ሲሸጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሪትሬድን እፈራው ነበር። ከዓመታት በፊት ከሌላ ቦታ ገዝቼ፣ ጭነት ይዤ በጠራራ ፀሐይ ስሄድ የላይኛው ላስቲክ ተገንጥሎ ፓራፋንጎውን እየገረፈ ሰባብሮታል። የሸጠልኝ ሰው ምን እንደምጭን እንኳ አልጠየቀኝም ነበር።

ጋሼ ግን ገና ሳልቀመጥ ጥያቄ ጀመሩ። መኪናዋ በወር ስንት ጊዜ ትነሳለች? የት ነው የምትቆመው? ፀሐይ ያገኛታል? ምን ትጭናለች? ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ልጄ፣ ያንተን ጎማ መንገድ አይጨርሰውም፤ ዕድሜ ነው የሚጨርሰው» አሉኝ።

ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ኦክስጅን፣ ኦዞን፣ ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል። ሲመረት ውስጡ ሰም መሰል መከላከያ ይጨመርበታል። ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ይሄ መከላከያ ወደ ላይ እየወጣ ገጹን ይሸፍነዋል። የቆመ መኪና ጎማ ግን አይተጣጠፍም። በዚያ ላይ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ሥሩ ይጠፈጠፋል።

ሪትሬድ ደግሞ ያለቀው ጥርስ ተፍቆ፣ በአሮጌው ጎማ አካል ላይ አዲስ ላስቲክ ተለጥፎ በሙቀት የሚበስል ነው። በደንብ ከተሠራ የሚናቅ ነገር አይደለም። የአውሮፕላን ጎማ እንኳ በተደጋጋሚ እየታደሰ ይሠራል። ወሳኙ ነገር ከሥር ያለው አካል ነው።

እኔ የመረጥኩት ከሁሉም ርካሹን ነበር። ጋሼ አንዱን አነሱና ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ባትሪ አብርተው በሁለት አውራ ጣታቸው ጎኑን ወደ ውስጥ ሲጫኑት፣ ቸርኬው በሚገባበት አካባቢ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ጣታቸውን ሲያነሱ ተመልሰው ጠፉ። «ዳስሰው» አሉኝና እኔም ተጫንኩት። ዝም ብሎ ለሚያየው ምንም የለውም።

ከዚያ ጽሑፉን አሳዩኝ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ 1109 ይላሉ። ጎማው የተመረተው በፈረንጆቹ 2009፣ 11ኛው ሳምንት ላይ ነው ማለት ነው። የታደሰበት ቀን ለብቻው ተመትቷል፤ እሱ ቅርብ ነው። ሻጭ የሚነግረን ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ብቻ ነው።

«ልብሱ አዲስ ነው፣ ገላው ግን አርጅቷል። ይሄን አልሸጥልህም» አሉና መልሰው ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

እኔም ተጠባባቂ ጎማዬን አስታውሼ ቶሎ ብዬ «ስኮርታዋ እኮ መሬት ነክታ አታውቅም፣ እሷን ፊት ላይ እንሰራት» አልኩ። ከሥር አስወርደው አቧራዋን ሲያራግፉ ጥርሷ ሙሉ ነው፤ ቁጥሯ ግን 2207። ሚሸሊን እንኳ ጎማ ከተመረተ 10 ዓመት ከሞላው፣ ስኮርታም ቢሆን፣ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ብሎ ይመክራል። ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንዴ ባለሙያ ይየው ይላል። እኔ ለስንት ዓመት በስኮርታዬ ስመካ ኖሬያለሁ!

በመጨረሻ ለፊት ሁለት አዲስ፣ ለኋላ ሁለት ሪትሬድ ተስማማን። መሪው ያለው ፊት ስለሆነ፣ የፊት ጎማ ላስቲክ ቢገነጠል መኪናዋን መቆጣጠር ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ የአውቶቡስ የፊት ጎማ ሪትሬድ እንዳይሆን ሕጉም ይከለክላል። የኋላዎቹን ጋሼ ራሳቸው መረጡ። አካላቸው ገና ያላረጀ፣ መጠናቸውና የጥርሳቸው ቅርጽ አንድ የሆነ። የሚሸከሙትንም ክብደት አዩ። ጎኑ ላይ የጭነት ቁጥሩ 91 የሚል ጎማ የሚችለው 615 ኪሎ ነው፤ 112 የሚል ግን 1,120 ኪሎ ይችላል። ቸርኬው ላይ ስለገባ ብቻ የቤት መኪና ጎማ ፒክአፕ ላይ የሚያስር ሰው አለና ይሄን አስተውሉ።

ወዲያው አላሰሩልኝም። ሁለቱን ሪትሬዶች ንፋስ ሞልተው አሳደሯቸው። በማግስቱ ስሄድ ንፋሱን ለክተው፣ ዙሪያውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ እብጠት ፈለጉ። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መቱት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ። የተላቀቀ ቦታ ካለ ድምፁ ይታፈናል አሉኝ። አንድ ጎማ ላይ ይሄን ያህል ጊዜ የሚያጠፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

የድሮውን ገጠመኜን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ንፋሱን መቼ ለክተኸው ነበር?» አልለካሁትም ነበር። መኪናዋ ለሳምንታት ቆማ፣ ንፋሷ ቀንሶ፣ እኔ ጭነት ጭኜ ወጣሁ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲሄድ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፤ ይግላል፤ ሲግል የተለጠፈው ይለቃል። አዲስ ጎማም ቢሆን ይሄን አይችልም። ለካ ያን ቀን እኔም ድርሻ ነበረኝ።

አሁን ከመነሳቴ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ንፋሱን አያለሁ። በሁለት ሳምንት አንዴ ሥራ ባይኖራትም አንቀሳቅሳታለሁ። ጭነት አሳድሬባት አላውቅም። የምትቆመውም ጥላ ውስጥ ነው።

ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጎማ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እልክለታለሁ። ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሳቸው ጋ ጥድፊያ የለም። በሦስት ወሩ አሳየኝ ብለውኝ ስለነበር ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ገና ከመኪናው ሳልወርድ ጎንበስ ብለው የኋላውን ጎማ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አየሁ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ መጣ።