ሚስቱን የሚመታን ሰው መለወጥ፦ ተጠያቂነት ወይስ የውስጥ ቁስል ሕክምና?

ሚስቱን የሚመታ ወንድ ዱላውን እንዲተው ለማድረግ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠራባቸው መንገዶች ሁለቱን ላንሳ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1981 በሚኒሶታዋ ዱሉዝ ከተማ የተጀመረው ነው። መነሻው ግልጽ ነው፦ ሰውየው የሚመታው ንዴቱ አምልጦት ሳይሆን ሚስቱን በቁጥጥሩ ሥር ለማድረግ ነው። አለቃው ሲሰድበው ዋጥ አድርጎ፣ ቤት ሲገባ ግን «ወጡ ጨው በዛበት» ብሎ የሚማታ ሰው ማን ላይ መጮህ እንደሚችል አሳምሮ ያውቃል። ፖሊስና ፍርድ ቤት ተናበው ተጠያቂ ያደርጉታል፤ በቡድን ተቀምጦም ስለ ድርጊቱ ይናገራል።

ሁለተኛው የሥነ ልቦና ባለሙያው ኬሲ ታፍት ለቀድሞ ወታደሮች ያዘጋጀው የ12 ሳምንት የቡድን ሕክምና ነው። ጦርነት ያየ ወይም እናቱ ስትደበደብ እያየ ያደገ ሰው አደጋ በሌለበት አደጋ ሊታየው ይችላል፤ ሚስቱ «የት አመሸህ?» ስትለው ጥቃት የተሰነዘረበት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 135 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ ወታደሮች በዕጣ ተመድበው ሲነጻጸሩ፣ ሕክምናውን የወሰዱት ጥቃታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀንሷል። በዱሉዝ ዓይነት ሥልጠናዎች የታየው ለውጥ ግን በአመዛኙ አነስተኛ ነው።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ግን በልጅነታቸው ከተደበደቡት ብዙዎቹ ሚስት አይመቱም፤ ስለዚህ ቁስል ሰበብ አይሆንም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ «አስተዳደጉ ነው፣ ቻይው» ሲላት የእሱ ቁስል የእሷ ዕዳ ይሆናል። ዱሉዞች ሴትየዋን ራሷን እያነጋገሩ ደህንነቷን ይከታተላሉ፤ የትኛውም ሕክምና ያለዚህ መጀመር የለበትም።