ለድሬዳዋ ተመላላሽ የሚሆን ባቡር፦ በእጅ ያለውና በገበያ ያለው

ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ የሚቆመው የመንገደኛ ፉርጎ ቻይናውያን 25ጂ የሚሉት ዓይነት ነው። ርዝመቱ 25.5 ሜትር ነው። የወንበሩ ፉርጎ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ወገን ሁለት ሰው እያስቀመጠ 118 ሰው ይይዛል፤ የአልጋው ፉርጎ ደግሞ በስድስት በስድስት ተከፍሎ 66 ሰው ያስተኛል። ለኢትዮ-ጅቡቲ መስመር 41 ሎኮሞቲቭና 1,100 የዕቃ ፉርጎ ሲገዛ አብረው የመጡት የመንገደኛ ፉርጎዎች 30 ነበሩ። መስመሩ መጀመሪያ ለማን እንደታሰበ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

ለረጅም መንገድ ጥሩ ዕቃ ነው። ክብደት ስላለው አያንገላታም፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አይቸገርም። ሲበላሽም ብዙ አያስጨንቅም፤ ሞተሩ ሎኮሞቲቩ ላይ ስለሆነ የታመመውን ፉርጎ ፈትቶ በሌላ መተካት ይበቃል። አዲስ አበባ ለሚወጣ ወይም ጅቡቲ ለሚወርድ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ጣጣው የሚመጣው ይህንኑ ፉርጎ ጠዋት ሠራተኛ ወደ መልካ ጀብዱ ኢንዱስትሪ ፓርክና ወደ ነፃ ንግድ ቀጠናው አድርሶ ማታ ይመልስ ሲባል ነው።

በሩን ብቻ እንይ። ፉርጎው በየጎኑ ያለው ሁለት በር ነው፣ በየጫፉ አንድ አንድ፤ ሻንጣ የያዘ ሰው በጎኑ ካልዞረ አያልፍበትም። 118 ሰው ለሁለት በር ሲካፈል ለአንዱ 59 ይደርሰዋል። ለአንድ ሰው 3 ሰከንድ ቢሰጠው ለመውረድ ብቻ 3 ደቂቃ ይሄዳል፤ የሚሳፈረው ገና ነው። ይህም ባዶ እጁን ለሚሄድ ሰው ነው። የድሬ ተሳፋሪ ግን መቼ ባዶ እጁን ሄዶ ያውቃል! ሁለት ፌስታልና አንድ ጆንያ ያለበት ሰው በሩ ላይ ሲቆም 3 ሰከንዱ 10 ይሆናል። ለተመላላሽ ተብሎ የሚሠራ ባቡር በሩ 1.3 ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ከጫፍ ይልቅ ወደ ፉርጎው መሐል የገባ ነው፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ያሳልፋል፤ ወለሉም ከመድረኩ ጋር እኩል ስለሆነ ደረጃ የለውም።

ሁለተኛው አነሳሱ ነው። በሎኮሞቲቭ የሚጎተት ባቡር በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ0.3 ሜትር ገደማ ቢጨምር 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ሞተሩ በየፉርጎው ሥር የተከፋፈለለት ባቡር 0.8 ሜትር እየጨመረ በ35 ሰከንድ እዚያው ይደርሳል። አዲስ አበባ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ስለሆነ የዘገየ ባቡር ሌላውን ብዙ አይጎዳም። ከአዳማ ወዲህ ግን ነጠላ ነው፤ አንዱ በየፌርማታው የሚያባክናትን ደቂቃ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣው ባቡር መተላለፊያ ጣቢያ ላይ ቆሞ ይከፍላታል።

እንግዲህ መንግሥት የተመላላሽ ባቡር ይግዛ ከተባለ የጨረታ ሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መስፈር ያለበት የባቡሩ ልክ፣ ስፋቱና ቁመቱ፣ ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ የተዋረዱት ግን ተራ አገሮች አይደሉም። ፈረንሳይ ያዘዘቻቸው የክልል ባቡሮች ለአሮጌ መድረኮቿ መስፋታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ታውቆ 1,300 ገደማ መድረክ መላጥ ግድ ሆነባት፤ ወጪው 50 ሚሊዮን ዩሮ ተባለ። ስፔን በ2020 በ258 ሚሊዮን ዩሮ ያዘዘቻቸው 31 ባቡሮች በሰሜን ተራሮቿ ዋሻ እንደማያልፉ የታወቀው ገና ሳይሠሩ ነበር፤ ዕድሏ ነው፤ ያም ሆኖ በ2023 ባለሥልጣናት ሥልጣን ለቀቁበት። ደቡብ አፍሪካ ግን ከታዘዙት 70 ሎኮሞቲቮች 13ቱ አገር ከገቡ በኋላ ነው ከመስመሩ የከፍታ ገደብ በላይ መሆናቸው የወጣው። በሦስቱም ቦታ ጥፋቱ ያው ነው፦ የባቡሩ ልክና የመስመሩ ልክ አስቀድሞ በሚገባ አልተመሳከረም።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ልኩ ሁለት ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ የደረሰውና ከተማዋን የወለደው አሮጌው ሐዲድ አንድ ሜትር ስፋት አለው። (ሐረር ተራራ ላይ ሆና ነው እንጂ ይህ ሁሉ ወግ የእሷ ይሆን ነበር።) አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው ጣቢያ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አፍንጫ ሥር ነው፤ ከገበያም ከመጋላም በእግር ይደረሳል። አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለተተከለ ባጃጅ ሳይዙ አይደረስበትም። አሮጌውን ማደስ ከተመረጠ የናይሮቢን ማየት ነው፦ ኬንያ ከስፔኗ ማዮርካ ደሴት 11 ያገለገሉ የናፍጣ ባቡሮችን ገዝታ በአንድ ሜትር ሐዲዷ ላይ አሰማርታለች። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን ያገለገለ ባቡር ሲገዛ ከሰነዱ ጋር የቀረው የመለዋወጫ ክምችት አብሮ ካልተጫነ ሁለተኛው ዓመት ላይ አንዱን አርዶ ሌላውን ማብላት ይጀመራል። ለድሬ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ የአሮጌው ወርክሾፕ ቶርኖዎች ፋብሪካው መሥራት ያቆመውን ዕቃ እየቀረጹ ስንት ዘመን ሎኮሞቲቮቹን አቆይተዋል። የዘመኑን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ግን ቶርኖ አይቀርጸውም።

በአዲሱ ሐዲድ ላይ ከሚሄዱት አማራጮች ለእኛ የሚቀርበው የዳካሩ ነው። ሴኔጋል ከአልስቶም የገዛችው ባቡር አራት ፉርጎ ሆኖ 565 ሰው ይይዛል፤ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክም በናፍጣም ይሄዳል፤ የመጀመሪያው 36 ኪሎ ሜትር መስመሩ በታኅሣሥ 2021 ተከፍቷል። የእኛም መስመር ቮልቴጁ 25 ኪሎ ቮልት፣ ሐዲዱም ያው 1,435 ነው። መብራት ሲጠፋ ቆሞ የማይቀር ባቡር ለዚህ አገር ቅንጦት አይባልም። አንድ ነገር ግን ይቀነስ፦ የዳካሩ 160 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የእኛ ሐዲድ የተነደፈው ለ120 ነው፤ ለማይነዳ ፍጥነት ገንዘብ መክፈል ሞኝነት ነው። ታንዛንያ ከሁንዳይ ሮተም ያዘዘችው 80 ፉርጎ፣ ማለትም 10 ባቡር፣ ለዳሬሰላም-ዶዶማ ዓይነት ርቀት ያምራል፤ ስምንት ፉርጎ ሙሉ ሰው ግን ከመልካ ጀብዱ ከየት ይመጣል? የቻይና አምራቾች ጥቅማቸው ባለሙያዎቻችን ሲግናሉንም ሎኮሞቲቩንም ከእነሱ ተምረው ከግንቦት 2024 ጀምሮ ሥራውን ራሳቸው መረከባቸው ነው። ትልቁ አደጋ ብድሩ ነው። የወጪ ንግድ ባንክ ሲያበድር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከአገሩ እንዲገዛ ያስገድዳል፤ ያኔ ጨረታው ለይስሙላ ይሆናል። ስለዚህ ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ዝርዝር መስፈርቱ አልቆ የውሉ አካል መሆን አለበት።

መስፈርቱ ውስጥ ሙቀት በቁጥር ይጻፍ። በአውሮፓው ደረጃ ኢ.ኤን 50125 ቲ1 የሚባለው ምድብ እስከ 40 ዲግሪ፣ ቲ3 እስከ 45 ነው። ተጫራቹ ዝም ከተባለ ቲ1ን ያቀርባል፤ ይረክሰዋል። የድሬ ግንቦትና ሰኔ የጥላ ሙቀት ነው 40ን የሚነካካው፤ ኤርኮንዲሽኑ የተቀመጠው ግን ፀሐይ የሚጠብሰው ጣሪያ ላይ ነው፣ ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ደግሞ ነፋስ የለውም። ሙቀቱ ከወሰኑ ሲያልፍ መሣሪያው ራሱን ለማዳን ያጠፋል፤ መስኮቱ የታሸገ ፉርጎ ያኔ ምጣድ ነው። የሚከፈት መስኮት ይጠየቅ። ባቡሩ አዲስ አበባም እንዲደርስ ከተፈለገ ከፍታውም ይጻፍ፦ ያው ደረጃ መደበኛ ምድቡ እስከ 1,400 ሜትር ብቻ ነው፣ የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ-ለቡ ከ2,000 በላይ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ የከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃዎች ርቀታቸው መስፋት አለበት፣ አለዚያ ብልጭታ ይዘላል። ከአዋሽ እስከ ደወሌ ሐዲዱን ግመልና ከብት ስለሚያቋርጠው የግንባሩ መሰናክል ገፊ ጠንካራ፣ ሲጎዳም በቡሎን ተፈትቶ የሚቀየር ይሁን። ከግንባሩ ሥር የተንጠለጠለ የአየር ቱቦና ኬብል ያለው ባቡር አንድ ግመል በመታ ቁጥር ሳምንት ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ግን የብረት ጎማው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 በ41 ባቡር የጀመረችው ቀላል ባቡር ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙባት መሆኑን የማያውቅ የለም። ሹል ኩርባ ላይ የጎማው ጠርዝ ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። ጠርዙን 1 ሚሊ ሜትር ወደ ልኩ ለመመለስ ሐዲዱን ከሚረግጠው ፊቱ በርካታ ሚሊ ሜትር መላጥ አለበት፤ ስለዚህ ጎማው ሳያልቅ በቶርኖ ያልቃል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ኩርባ ላይ የጠርዝ ቅባት የሚረጭ መሣሪያ፣ ባቡሩን ሳይፈቱ ከሥር የሚልጥ የጉድጓድ ቶርኖ፣ ከባቡሩ ጋር አብሮ የሚመጣ የጎማ ክምችት። ይህ ሁሉ በጨረታው ዋጋ ውስጥ ካልገባ በኋላ በዶላር ተራ ጥበቃ ይሆናል። የብልሽት መመርመሪያ ሶፍትዌሩም እንዲሁ ነው፤ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ ባቡሩ የአንተ፣ ቁልፉ የሻጩ ነው።

ምዘናው ላይ ዝቅተኛ ዋጋ የሚለውን ብቻ የያዘ ኮሚቴ የሚገዛው የመጀመሪያውን ቀን ነው። የ30 ዓመት ኤሌክትሪክ፣ ጎማ፣ ትልቁ እድሳትና ሥልጠና ተደምሮ ይወዳደር። ክፍያውም ይከፋፈል፦ የተወሰነው ሲፈረም፣ የተወሰነው ወደብ ሲደርስ፣ ቢያንስ 10 በመቶው ግን የርክክብ ሙከራው እስኪያልፍ ተይዞ ይቆይ። ሙከራውም በፋብሪካው ቀዝቃዛ አዳራሽ የሚያልቅ እንዳይሆን፦ በሰኔ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ፣ ድሬዳዋ መድረክ ላይ በሩ ተከፍቶ 20 ደቂቃ ይቁም፤ ከዚያ ተዘግቶ ይነሣ፤ ቴርሞሜትሩ መሐል ፉርጎ ላይ በየአምስት ደቂቃው ይነበብና ይፈረምበት።