የሦስት ወር የውፍረት መቀነሻ ፓኬጅ፦ ጂሙን ውሰዱ፣ ዳይቱን ተዉት

ስሙን አልጠራም፤ ለጠየቃችሁኝ ግን አስተያየቴ ይኸው። ቦሌ አካባቢ ካሉት የውፍረት መቀነሻ ማዕከላት በአንዱ የሦስት ወር ፓኬጅ ገዝቼ ጨረስኩ። ለጂሙ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። ለምግብ ፕሮግራሙ 1። እሷንም የሰጠሁት የታተመው ወረቀት ስለሚያምር ነው።

ጂሙ ንጹህ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ሻወሩ ሙቅ ውሃ አለው። አሰልጣኞቹ ወፍራም ሰው ሲያዩ አይሳሳቁም፤ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ስነግራቸው እንቅስቃሴውን ቀየሩልኝ።

ጣጣው ምግቡ ጋ ነው። ስትመዘገቡ ፎርም ትሞላላችሁ። ስኳር? ግፊት? ታይሮይድ? እርግዝና? ሁሉም አለበት። እንዴት እንደምትበሉ የሚጠይቅ አንድ መስመር ግን የለውም። ከዚያ ለሁሉም ሰው ያው ወረቀት ይታደላል፦ ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምሳ ሰላጣ፣ እንጀራ ክልክል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ውሃ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛን ላይ ትወጣላችሁ፣ ኪሎው ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ለቀነሰች ጭብጨባ፣ ለጨመረች «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ»።

እኔ ቢንጅ ኢቲንግ አለብኝ፤ ሐኪም ነው የነገረኝ። ይህንኑ ለምግብ ባለሙያዋ ገና በመጀመሪያው ቀን ነገርኳት። «ታዲያ ቤት ውስጥ ጣፋጭ ነገር አታስቀምጪያ» አለችኝና ወረቀቱን ሰጠችኝ። በቃ፣ ምክሩ አለቀ።

ነገሩን ከሆዳምነት ጋር ለምታምታቱ፦ ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ አብዝቶ መብላት ይሄ አይደለም፣ ያማ ሁላችንም ነን። ቢንጅ ማለት በአጭር ጊዜ፣ ሐኪሞቹ እንደ ምሳሌ ሁለት ሰዓት ይላሉ፣ ሌላ ሰው ከሚበላው እጅግ የበለጠ መብላትና ልቁም ብትሉ እንኳ አለመቻል ነው። ሳይርባችሁ፣ እየተጣደፋችሁ፣ ሰው እንዳያያችሁ ተደብቃችሁ፣ ከዚያ ራሳችሁን እየተጸየፋችሁ። በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር ከዘለቀ ሕመም ነው ይባላል። ቡሊሚያ እንደሚባለው ሌላ የአመጋገብ ሕመም በልቶ ማስመለስ የለበትም፣ የተበላው እዚያው ይቀራል፤ ኪሎ የሚጨምረውም በዚህ ነው። ስታንካርድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 ወፍራም ታካሚዎቹ ላይ አይቶ ጽፎታል፣ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

እንዳትሳሳቱ፣ ወፍራም ሰው ሁሉ ይህ ችግር የለበትም፤ እንዲያውም አብዛኛው የለበትም። ቀጭን ሆኖ ያለበትም አለ። ግን ውፍረት ለመቀነስ ሕክምና ፍለጋ ከሚመጡት መካከል በደንብ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማዕከል ነው ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት። ቀኑን በአንድ እንቁላልና በሰላጣ የዋለ ሰው ማታ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም። የእኔ ቅዳሜ ማታ የታወቀ ነበር፦ ኪሎዬ ይለጠፋል፣ አፍራለሁ፣ ቤተሰብ ሲተኛ የተረፈውን ፍርፍር ከነብርዱ፣ ዳቦውን፣ ለእንግዳ የተቀመጠውን ኩኪስ። እሑድ ደግሞ ለማካካስ ጭራሽ አልበላም። ረሃቡና እፍረቱ ተደጋግፈው ለሚቀጥለው ቢንጅ ያዘጋጁኛል፤ ማዕከሉም ሁለቱንም በክፍያ ያቀርባል።

የረዳኝ ሌላ ቦታ ያገኘሁት የንግግር ሕክምና ነው፣ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚሉት። የመጀመሪያው ሥራ ምን መሰላችሁ? ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት፣ በሰዓቱ መብላት። እንጀራም አለበት። የበላሁትንና የዚያን ጊዜ ስሜቴን እጽፋለሁ፤ ሚዛን በሳምንት አንዴ፣ ለራሴ ብቻ። እውነቱን ለመናገር ይሄ ሕክምና ቢንጁን እንጂ ኪሎውን ብዙ አይቀንስም፣ ሐኪሟም ቀድማ ነግራኛለች። ለእኔ ግን ማታ ተኝቶ ማደር ከኪሎው ይቀድማል። ቶሎ የሚያከሳ ኪኒን ለምትፈልጉ ደግሞ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ሕመም የፈቀደችው መድኃኒት እንኳ ክብደት ለመቀነስ እንዳይወሰድ መግለጫው ላይ ተጽፏል። ሪሴፕሽን ላይ የሚሸጡት ማቅጠኛ ሻይ መግለጫም የለውም።

እንግዲህ ከምግብ ጋር ጠብ የሌላችሁና እንቅስቃሴ ብቻ የምትፈልጉ ሂዱ፣ ገንዘባችሁ አያስቆጭም። ተደብቃችሁ የምትበሉ ከሆነ ግን መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት አነጋግሩ፣ ጂሙን ያለ ዳይቱ ለብቻው መግዛትም ይቻላል፤ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ከቴሌግራም ግሩፑ ስትወጡም ማንም አይከለክላችሁም። የከፈላችሁትን አይመልሱም፣ ቀሪውን ጊዜ ለሌላ ሰው ማዛወር ግን ይፈቅዳሉ።